ኋላ ወንበር የሌለው ትምህርት ቤት

እኛ በተማርንበት የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ሆነን ስንታጨቅ፣ ኋላ ወንበር ራሱን የቻለ አገር ነበር። እዚያ ይተኛል፣ ቆሎ ይቆረጠማል፣ የቤት ሥራ ይገለበጣል። መምህሩ መኖራችንን የሚያውቀው ስም ሲጠራ ብቻ ነው፤ ያውም የቀረውን ልጅ ተክቶ «አቤት» የሚልለት ጓደኛ ከሌለ።

የወንድሜ ልጅ የምትማረው እዚሁ አዲስ አበባ፣ አንዲት ትንሽ ዓለም አቀፍ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የክፍሏ ልጆች አሥራ አንድ ናቸው። የሚቀመጡት ክብ ሠርተው ነው፤ ክብ ደግሞ ኋላ የለውም። እንቅልፍ የመጣበት ልጅ ከመምህሩ ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጦ ያንቀላፋል። ሁሉም በየተራው «አንተስ ምን ትላለህ?» ይባላል። እኛ ዘንድ «ምን ትላለህ?» ከተባልህ ነገ ወላጅ ይዘህ ልትመጣ ነው።

መኮረጅማ አይታሰብም። ትምህርታቸው አይ.ቢ. ይባላል፤ የሚያዘጋጀው በ1968 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የተቋቋመ ድርጅት ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ተማሪው ስድስት ትምህርት ይመርጣል፤ በተለምዶ ሦስቱን በከፍተኛ፣ ሦስቱን በመደበኛ ደረጃ። አሥራ አንዱ ልጆች መርጠው መርጠው ሲያበቁ ከፍተኛ ፊዚክስ ላይ የተገኙት ሁለት ብቻ ሆኑ። ከማን ይኮረጃል?

ከክፍሉ ስንተኛ እንደሆኑም አይነገራቸውም። ይሄ እናቴን አልዋጥላት አለ።

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«እማማ፣ እኛ ጋ ደረጃ የለም።»

«በፊዚክሱስ?»

«ሁለት ነን። ልጁ ይበልጠኛል።»

እናቴ በማርያም ማኅበር «የልጅ ልጄ በፊዚክስ ሁለተኛ ወጣች» ብላ አስመረቀቻት። ከስንት እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ወንድሜን ያስደነገጠው ውጤቷ ነው። «አምስት? ከስንት?» «ከሰባት።» ስልኩን አውጥቶ አካፈለ፤ 71 ሲመጣለት ተነፈሰ። ነጥቡ በመቶኛ እንደማይሰላ፣ ስድስቱ ትምህርቶች 42 እንደሚሞሉ፣ 3 ተጨማሪ ነጥብ ታክሎ ጣሪያው 45 እንደሆነ፣ ዲፕሎማው ቢያንስ 24 እንደሚፈልግ ብታስረዳው፣ «እና እኔ ለሰው ‹ከአርባ አምስት› ብዬ ላውራ?» አላት።

ጥቂት መሆን ከክፍል ውጭም ጣጣ አለው። የእግር ኳስ ቡድኑ እንዲሞላ የሒሳብ መምህሩ በረኛ ሆኗል። በተማሪዎች ምክር ቤት ሁሉም ሹም ነው፤ ሊቀመንበር አለ፣ ምክትል አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፤ የጠፋው የሚመራ ሕዝብ ነው።

ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን ጉባኤ እያስመሰሉ የሚከራከሩበት ነገር አላቸው። ለእኛዋ በዕጣ ግብፅ ደረሰቻት፤ አጀንዳው ዓባይ። ሰሞኑን ሙሉ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደች የህዳሴን ግድብ ስትቃወም ሰነበተች። እናቴ የግድቡን ቦንድ የገዛች ሴት ናት። «እኔ ቦንድ በገዛሁበት ቤት ግብፅ ሆና እራት የምትበላ የለችም!» አለች። ልጅቷም ግብፅነቷን ለጊዜው አቋርጣ ሽሮዋን በላች።

እነዚያ 3 ተጨማሪ ነጥቦች የሚገኙት እስከ 4,000 ቃል ከሚረዝም የምርምር ድርሰትና «የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ» ከሚባል ትምህርት ነው። የዚህኛው ትምህርት ዋና ጥያቄ፣ የምናውቀውን ነገር ማወቃችንን በምን አወቅን የሚል ነው። እኛ እንዲህ ብለን መምህር ብንጠይቅ መልሱን የምንሰማው ተንበርክከን ነበር። ልጅቷ ግን ደብተሯን ይዛ እናቴ ፊት ተቀመጠች።

«እማማ፣ አንድ ወሬ እውነት መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?»

«ማን እንደነገረኝ አይቼ ነዋ!»

«የነገረሽ ሰው አለመሳሳቱንስ?»

እናቴ ቡናዋን ፉት አለች። «የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ‹እገሌ አረፈ› ብሎ ከነገረን በኋላ፣ እስከ ዛሬ ተመልሶ የመጣ ሰው የለም።»

ልጅቷ ቃል በቃል ጻፈችው። መምህሯ ሐሳቡን ወደደው፤ ከጎኑ ግን በቀይ «ምንጩ በሙሉ ስም ይጠቀስ» ብሎ መለሰላት። ቤተሰቡ በሙሉ አሁን የጥሩምባ ነፊውን የአባት ስም በማፈላለግ ላይ ነው።