በአርዲቦ ዳርቻ ያለ ጉዳይ ስለመሄድ የቀረበ ጥናት

ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው በዓለም ላይ እንዳለ በመጻሕፍት ሲነገር ቆይቷል። በፓሪስ፣ በሴን ወንዝ ዳር፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲዞር ይውላል ይባላል። ይህ ጥናት እንዲህ ያለው ፍጡር በወሎ አየርና አፈር ይበቅል እንደሆነ ይመረምራል። የጥናቱ ቦታ አርዲቦ ሐይቅ ነው፤ ናሙናው አንድ ሰው፣ እሱም አጥኚው ራሱ፤ መሣሪያው አንድ ደብተርና አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ።

ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም። ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ታላቅ ወንድሙ ስሙም ሐይቅ፣ ከተማውም ሐይቅ ነው፤ ስም አውጪው ብዙ አልተጨነቀም። ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ ጉዳይ አለው፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ የእስጢፋኖስን ገዳም ካደራጁ ወዲህ ተሳላሚና ተማሪ ጠፍቶበት አያውቅም። አርዲቦ ግን ከሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ፣ 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተንጣልሎ ማንንም ሳይጠራ ይኖራል። ውሃው እንኳ ሥራ ፈት አይደለም። ሲሞላ ቁልቁል ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ሐይቅም መውጫ ስለሌለው እዚያው ይቀራል።

ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት አጥኚው ቋንቋውን ፈተሸ። ያለ መድረሻ የሚሄድን ሰው አማርኛ ምን ይለዋል? አውደልዳይ፣ ዟሪ፣ ቦዘኔ፣ ተንከራታች። ከነዚህ ውስጥ ለልጁ የሚመኘው ወላጅ አልተገኘም። የከተማ ልጆች «ወክ» የሚለውን ቃል ከባዕድ የተዋሱት ስድብ ያልሆነ ቃል አጥተው ይመስላል። «ሽርሽርስ?» የሚል ተቃዋሚ ይኖራል። ሽርሽር ምሳና ጓደኛ ይፈልጋል፤ ብቻውን የተንሸራሸረ ሰው አልተመዘገበም። ዛሬ በነፃነት ሲንሸራሸር የሚታየው በስብሰባ ላይ ሐሳብ ብቻ ነው፤ እሱም የትም ሳይደርስ በሻይ ዕረፍት ይበተናል። አዲስ አበባ ውስጥ በወንዝ ዳር ዝም ብሎ ለመሄድ በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ 29 ቢሊዮን ብር የሚፈጅ ፕሮጀክት መታወጁም የጉዳዩን ክብደት ያሳያል።

ሙከራው ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። የመጀመሪያው መረጃ ሰጪ በሬ እየነዳ የመጣ ሰው ነው።

«ወዴት ነው ወንድምዓለም?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«ዝም ብለህስ፣ ወዴት?»

ከዚህ የምንረዳው «ዝም ብዬ» የአኳኋን መልስ እንጂ የአቅጣጫ መልስ አለመሆኑን ነው። ሰውየው በሬውን አቁሞ ቀሪውን መልስ ጠበቀ። በሬውም ጠበቀ።

ሁለተኛው የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጣ ወጣት ነበር። የውሃ መሳቢያ ሞተሩን አጥፍቶ «የጠፋብህ ከብት አለ?» ሲል ጠየቀ። የለም ሲባል አዝኖ ሞተሩን አስነሣ። ሦስተኛው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ አባት፣ ምንም አልጠየቁም። አጥኚውን ከእግር እስከ ራሱ አዩና «አብሽር ልጄ፤ የሞተ አይመለስም» አሉት። ማንም እንዳልሞተበት ለማስረዳት ቢሞክር «እሱም ደግ ነው» ብለው ወደ ቤት አስገቡት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በእያንዳንዱ ስኒ ዱዓ ተደረገለት፤ በሦስተኛው እሱም ማዘን ጀመረ። (ቆሎው ሱፍ የገባበት ነበር፤ ለጥናቱ ባይጠቅምም ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም።)

ከቡናው በኋላ ያልታሰበ ክስተት ታየ። አጥኚው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ወሬው ከፊቱ ይሄዳል። በሚቀጥለው መንደር «ፎቶ አንሺው» ሆኖ ደረሰ። ፎቶ አላነሣም። ከዚያ ወዲያ ባለው «መንገድ ሊያወጣ የመጣው» ነበር፤ ስምንት ሰዓት ላይ ልጆች «ሐይቁን የሚለካው መጣ!» እያሉ ተከተሉት፣ አንዱም ጫፉን የሚይዝለት ገመድ ይዞ ቀረበ። ጠዋት «አንተ» የተባለው ሰው ከቀትር በኋላ «እርስዎ» ሆነ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለዚህ ዕድገት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አንባቢ ያውቃል። ደብተሩን ቢደብቅ «ምሥጢር ነው ማለት ነው» ተባለ፤ ሹመቱም ከፍ አለ።

ሲመሽ ከተነሣበት ቦታ ተመለሰ። እዚያ ጀሪካን ያስቀመጠች እናት ትጠብቀዋለች።

«ሆቴሉ መቼ ይጀመራል?»

«ሆቴል የለም፣ እትዬ። ዝም ብዬ ስሄድ ነው የዋልኩት።»

«አውቃለሁ፤ ገና እንደሆነ አውቃለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጄ አሥረኛን ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። ጥበቃም ቢሆን ይሠራል። ስሙን ይጻፉልኝ።»

አጥኚው እስክሪብቶውን አወጣ። «ግኝቶች» ተብሎ ከተሰመረበት ገጽ ላይ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የተጻፈ ነገር አልነበረም። የልጁን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ ዕድሜ 19 ብሎ ጻፈ። እሷ ጎንበስ ብላ የእስክሪብቶውን ጫፍ ትከታተል ነበር።

«እስቲ ያንብቡልኝ» አለች።

አነበበላት።