የአማቴ ኪሮሽ

ባለቤቴ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ስትገባ እኔ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ፤ ዋጋ ላለመስማት። የምንኖረው ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ነው። ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይነዳ ካምብሪጅ ስለሚደረስ ፈተናው ቅርብ ነው። የከተማዋ የብርጭቆ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 ጨርሶ ከተዘጋ ወዲህ ምርቱ ሁሉ ቅርስ ሆኗል።

የባለቤቴ ልክፍት የአበባ መያዣው ነው። ከታች ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድፍን መቆሚያ አለው፤ ገበታ መሐል ዝርግ ሳህን ላይ ይቀመጥና ውኃ ተደርጎ የአበባው ዘንግ በየቀዳዳው ይሰካል። ከመቆሚያው ላይ አንዲት የብርጭቆ ሴት ቆማለች። ሽመላ የቆመበትም አለ፤ የእኔዋ ግን ወፍ አላማራትም። የገዛችው «ድሬፕድ ሌዲ» የሚሏትን ነው፦ ጨርቋን በእጇ ይዛ፣ ሸፈንኩ ስትል ያልሸፈነች፣ ሮዝ ቀለም፣ 21 ሳንቲ ሜትር ግድም። 13 ኢንች የምትሆን ታላቅ እህት አለቻት፤ ከእሷ ይሰውረኝ!

ሰብሳቢዎች ሲገዟት የፋሲካ በግ ላት እንደሚጨብጥ ሰው ዳብሰው ነው። የቀዳዳው ጠርዝ ትንሽ ከተሸረፈ ዋጋዋ አበቃለት። ስለዚህ አበባ አይሰካባትም።

አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ገበታው ላይ አገኟት።

«ይቺ ማናት?»

«የአበባ መያዣ ናት፣ እማዬ።»

«አበባውስ?»

«እንዳይጭራት ብዬ ነው።»

ይህ አልደነቃቸውም። እሳቸውም ቡፌ ውስጥ የደረደሯቸው ብርጭቆዎች ከሠርጋችን በፊት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም፤ ዘሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ያላስቻላቸው እርቃኗ ነው። ማታውኑ ኪሮሻቸውን አወጡ። በማግሥቱ ሴትዮዋ ከአንገቷ እስከ እግሯ ነጭ ዳንቴል ለብሳ አደረች። ባለቤቴ ተበሳጨች። እኔ አማቴ ፊት ዓይኔን የማሳርፍበት አጥቼ ስለነበር፣ ቀና ብዬ እራት በላሁ።

ቅዳሜ ዕለት አንዲት አሜሪካዊት ሰብሳቢ፣ የባለቤቴ ወዳጅ፣ ሊጠይቁን መጡ። ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው ብርጭቆዋን አዩ፤ መልሰው አለበሷትና ወደ አማቴ ዞሩ። እቤታቸው «ባሽፉል ሻርሎት» የምትባል አለች፤ እሷ ጭራሽ ምንም አልለበሰችም። ይሠሩላት ይሆን?

ባለቤቴ እያፈረች አስተረጎመች።

«ልኳን ያምጡ» አሉ አማቴ።