ስለ ጾመኛው ዓሣ እና ሊያበላው ስለሚደክም ሰው የቀረበ ሐተታ

በስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ በሚወርደው በስፔይ ወንዝ፣ ከየካቲት እስከ መስከረም ባለው ወራት፣ አንድ እንግዳ ሰው እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ልብስ ለብሶ፣ አራት ሜትር ተኩል የሚያህል ዘንግ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እስከ ወገቡ ቆሞ ያየ መንገደኛ፣ ከባድ ቀኖና የተቀበለ ኃጥእ መስሎት ቢያዝንለት አይፈረድበትም። ነገሩን በጥሞና ለመረመረው ግን፣ ሱባኤ የያዘው ሰውየው ሳይሆን ዓሣው ነው።

ሳልሞን የተባለው ዓሣ በወንዝ ተወልዶ ወደ ባሕር ይወርድና፣ እስከ ግሪንላንድ አቅራቢያ እየዘለቀ እየበላ ከሰባ በኋላ፣ የተወለደበትን ውኃ በማሽተት ለይቶ ይመለሳል፤ ከወንዙ አፍ ከገባ ወዲያ ግን መብል ይተዋል። በየካቲት የገባው ዓሣ፣ እንቁላል እስከሚጣልበት እስከ ኅዳር ድረስ ዘጠኝ ወር ያህል መጾሙ፣ ሁዳዴን ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾምሁ ብሎ ለሚመጻደቅ ምእመን ትሕትናን ሳያስተምር አይቀርም። በጾም ዓሣ ይበላል፣ አይበላም እያሉ የሚከራከሩ ወገኖቻችን የዓሣውን አቋም እስከ ዛሬ አለመጠየቃቸውም የሚያስገርም ነው።

ይህን ጾመኛ ለማስገደፍ የተደረገው ድካም እንዲህ በቀላሉ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት የተሠራውና ጆክ ስኮት የሚባለው ሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ከአሜሪካ ቆላ የቱካን፣ ከህንድ የዱር ዶሮ፣ ከቻይና የወርቃማ ፌዛንት ላባ ተሰብስቦ በአንዲት መንጠቆ ላይ በሐር ክር የሚታሰር ሲሆን፣ ከዝንብ ወገን ይህን የሚመስል ፍጥረት ከሰማይ በታች የለም። የማይበላው ዓሣ አንዳንድ ጊዜ ይህን ለምን እንደሚጎርስ ሊቃውንቱ አንድምታ አውጥተውለታል፦ አንድም ግዛቴን ተደፈርሁ ብሎ ተቆጥቶ ነው፤ አንድም በሕፃንነቱ በዚያው ወንዝ ተባይ ሲለቅም ያደገበት ልማድ ትዝ ብሎት ነው፤ አንድም እጅ የለውምና ምንነቱን ሊያውቅ የሚችለው በአፉ ብቻ ስለሆነ ነው። ለእኔ የሚያሳምነኝ ሦስተኛው ነው፤ ዓሣው ግን የትኛውንም አላጸደቀም።

በዚያ አገር ሳልሞን የማጥመድ መብት ከመሬቱ ተለይቶ የሚወረስና የሚሸጥ ርስት በመሆኑ፣ ወንዙ ክፍል ክፍል ተደርጎ ለቀን ወይም ለሳምንት ይከራያል፤ ወንዙን የማያውቅ እንግዳም ጊሊ በሚባል ያገር ሰው እጅ ይወድቃል። ጊሊው በማለዳ የእንግዳውን የዝንብ ሣጥን ይከፍታል፤ በብዙ ገንዘብ የተገዛውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ ያያል፤ ክዳኑን ቀስ አድርጎ ይዘጋል፤ ከዚያም ከገዛ ባርኔጣው ላይ ግማሽ ላባዋ የረገፈ አንዲት ዝንብ ነቅሎ፣ «ይህችን እንሞክር፣ ጌታዬ» ይላል። ከኋላ ዛፍ ስላለ ገመዱ ወደ ኋላ ሳይዘረጋ በውኃው ላይ ተጠቅልሎ የሚወረወርበት፣ በወንዙ ስም የሚጠራ ጥበብ አለ፤ እንግዳው ይወረውራል፣ አንድ እርምጃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ደግሞ ይወረውራል፤ እስከ ምሳም ሆነ ከምሳ በኋላ ከዚህ የተለየ ነገር አይደረግም።

እሑድ ቀን ሳልሞን ማጥመድ በስኮትላንድ ሕግ ክልክል ነው። ጾሙን የሚጠብቀው ዓሣው ሲሆን ሰንበቱን ግን መንግሥት ያስከብርለታል።

አልፎ አልፎ ይያዛል። በጎረቤቱ በቴይ ወንዝ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1922 ጥቅምት ወር፣ ጆርጂና ባላንታይን የተባለች ሴት ከአባቷ ጋር በጀልባ ሳለች 64 ፓውንድ፣ ማለት 29 ኪሎ የሚሆን ሳልሞን ከሁለት ሰዓት በላይ ታግላ አወጣች፤ ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ሙሉ በብሪታንያ ምድር ይህን በዘንግ የበለጠ ወንድ አልተገኘም፤ የዝንብ ሣጥን መሸጡ ግን አልቆመም። ዛሬ ደግሞ የዓሣው ቁጥር በመመንመኑ፣ በስኮትላንድ በዘንግ ከሚያዙት ሳልሞኖች ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ወዲያው ተመልሰው ወደ ውኃው ይለቀቃሉ። ስለዚህ ዓሣው ዝንቧን አይበላም፤ ሰውየው ዓሣውን አይበላም፤ ኪራዩም ይከፈላል። ሲመሽ ለጊሊው የሚሰጠው ጉርሻም ዓሣ መያዝ አለመያዙን አያይም፤ ይህንም ሥርዓት ለእንግዳው የሚያስረዳው ራሱ ጊሊው ነው።