ርስት የሌለው ሩጫ

ዕድሜዬ ኀምሳን ተሻግሮ፣ ቦርጬም በየደጁ ከእኔ ቀድሞ መግባት በጀመረበት ዘመን፣ በአንድ የኅዳር እሑድ ጧት በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ሠራዊት በሚያህል ሕዝብ መካከል ቆሜ ዐሥር ኪሎ ሜትር ሮጥሁ። ሮጥሁ ማለቴ እንኳ ለአነጋገር እንዲመች ነው፤ እውነቱን ለሚሻ ሰው ግን ሦስቱን ሮጬ፣ አራቱን ተራምጄ፣ የቀሩትን ሦስቱን ከኋላዬ የሚጨፍሩት ወጣቶች እንደ ሙሽራ አጅበው፣ እንደ ጆንያ ገፍተው አደረሱኝ። ከዚያም የተሰጠኝን ሜዳልያ፣ የደረት ቁጥሬንና ካናቴራዬን በሻንጣ አጥፌ፣ ለገና በዓል ወደ ትውልድ ስፍራዬ ወደ ግሼ ራቤል በወጣሁ ጊዜ፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ እሳት በሚሞቅበት ምድጃ አጠገብ እንደ ንዋየ ቅድሳት ዘርግቼ ለአጎቴ አሳየኋቸው።

አጎቴ የእድር ዳኛ ናቸው፤ የሰውን ቃል ሲመዝኑ ስለ ኖሩም ዕቃ ቢሰጧቸው ሳይመዝኑ አያልፉም። ሜዳልያውን በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አድርገው፣ ብር አለመሆኑን ተረድተው፣ የደረቱንም ቁጥር ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በጣታቸው ከተከተሉ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ማን ነበር የሚያሳድድህ?»

«ማንም አላሳደደኝም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ አንተ ነበርህ የምታሳድድ?»

«እኔም ማንንም አላሳደድሁም።»

«ታዲያ ከየት ተነሥተህ የት ደረስህ?»

«ከመስቀል አደባባይ ተነሥቼ፣ ከተማውን ዞሬ፣ ወደዚያው ወደ ተነሣሁበት ተመለስሁ።»

«ለዚህ ድካም የከፈለህ ማን ነው?»

«የከፈልሁስ እኔ ነኝ» አልሁ። ይህን በሰሙ ጊዜ አክስቴ በቀስታ ተነሥተው፣ ከማድጋው ኋላ በተቀመጠው ቅል ውስጥ ጠበል መኖር አለመኖሩን ሲመለከቱ አየኋቸው።

አጎቴ ግን ጉዳዩን ሳያጣሩ ለጠበል የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። በልጅነታቸው የጳውሎስን መልእክታት ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩ በመሆናቸው፣ ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ስለ ሯጮች ማውሳቱን፣ የሚሮጠው ብዙ ሲሆን ዋጋውን የሚቀበለው ግን አንድ ብቻ መሆኑን አስታውሰው፣ የእኛን ዋጋ ስንት ሰው እንደ ተቀበለ ጠየቁኝ። የሮጠው ሁሉ፣ ከአርባ ሺህ በላይ የሚሆነው ሕዝብ፣ ኋለኛውም እንደ ፊተኛው ሜዳልያ በአንገቱ ማጥለቁን ስነግራቸው፣ «ጳውሎስ ይህን ቢሰማ ኖሮ መልእክቱን ያሳጥር ነበር» አሉና ሜዳልያውን መለሱልኝ።

የአጎቴ መደነቅ መሠረት ነበረው። በእኛ ደጋ ሽቅድምድም ሲባል ከጥንት ጀምሮ ወደ ልብ የሚመጣው መሬት ነውና። ዛሬ የውጭ አገር ሰው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣበትን፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ተዘርግቶ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋውን የመንዝ ጓሳን፣ አስቦና ጌራ የተባሉት ቀደምት አባቶች በፈረስ ተሽቀዳድመው ወሰን እንደ ለዩለት የአገሩ ሽማግሌዎች ይተርካሉ። የእነርሱም ተወላጆች ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር እንዳያልቅ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ምድሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እየከፈቱ ጠበቁት፤ ሥርዓቱ በ1967 የመሬት ዐዋጅ ጊዜ ቢናጋም፣ ሕዝቡ በሌላ መልክ አደራጅቶ እስከ ዛሬ አደረሰው። እንግዲህ አንድ ጊዜ በተደረገ ግልቢያ ለብዙ ትውልድ የሚተርፍ ግጦሽ በተገኘበት አገር፣ ዐሥር ኪሎ ሜትር ደክሞ ካናቴራ ይዞ የተመለሰ ሰው ምን ሊባል ነው?

«ያ ፈረስ ከሮጠ በኋላ ርስት ቀረ» አሉ አጎቴ። «አንተ ከሮጥህ በኋላ ምን ቀረ?»

የቀረው የጉልበት ሕመም ነበር፤ እርሱንም በጋቢ ሸፍኜ ነበርና አልተናገርሁም።

መከላከያዬን ያቀረብሁት በምጽዋት በኩል ነው። ሩጫው ለበጎ ሥራ መሆኑን፣ ሰው እየሮጠ ለችግረኞች ገንዘብ እንደሚሰበሰብበት፣ ነገሩንም የጀመረው የአገራችን ሰው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መሆኑን፣ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ 10,000 ሰው እንደ ሮጠ፣ አንደኛ የወጣውም ራሱ ኃይሌ እንደ ነበረ በሥርዓት አስረዳሁ።

«ደጋሹ ራሱ በላው በለኛ!» አሉ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ድኾቹ ለእነርሱ መሮጥህን ያውቃሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

የአዲስ አበባው አላዋጣ ሲለኝ ወደ ባሕር ማዶ ተሻገርሁ። በአውሮፓ ምድር፣ በፈረንሳይ፣ በኢጣልያና በስዊዘርላንድ መካከል፣ ሞን ብላን በሚባል በረዶ በማያጣው ተራራ ዙሪያ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየነሐሴው ወደ 170 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዳገትና ቁልቁለት፣ ግንባራቸው ላይ መብራት አስረው ቀንና ሌሊት የሚሮጡ ሰዎች መኖራቸውን ነገርኋቸው። አጎቴ ደነገጡ፤ በእኛ አገር በሌሊት ተራራ እያቋረጠ የሚገሰግስ ሰው መርዶ የያዘ ብቻ ነውና «ማን ሞቶባቸው ነው?» አሉኝ። ማንም እንዳልሞተባቸው፣ አንዳንዶቹም በዚህ ድካማቸው ለሕሙማን መርጃ ገንዘብ እንደሚያሰባስቡ፣ በአገራችንም በአብጃታና በሻላ ሐይቆች አጠገብ እንዲህ ያለ የዱር መንገድ ሩጫ መደረጉን ብጨምርላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባታችን ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት ቆመው በጸሎት አክሊል በተቀዳጁበት አገር፣ ቆሞ መጽደቅ እየተቻለ ስለ ምን መሮጥ እንዳስፈለገ ግን ሊገባቸው አልቻለም።

በዚህ መካከል፣ ከወደ በሩ የተቀመጠ አንድ ጎረቤት፣ ተራራ እያቋረጡ ሕሙማንን መርዳት በእኛም ዘንድ ያለ መሆኑን፣ ስሙም ቃሬዛ መሆኑን ተናገረ፤ ተናግሮም ወደ እኔ ተመለከተ። የተመለከተኝ በምክንያት ነው። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሰው በጽኑ የታመመ እንደ ሆነ፣ ከሁለት አጣና መካከል በጠፍር በተወጠረው ቃሬዛ ላይ አስተኝተው፣ አራት አራት እየሆኑ ተሸክመው፣ ከቆላው ገደል ወደ ደጋው ያወጡታል፤ በመንገድ የተገኘ ሁሉ፣ ገበያተኛም ቢሆን እረኛ፣ ዕቃውን አስቀምጦ ትከሻውን ማበደር ግዴታው ነው። ቁጥር አይለጠፍም፤ ምዝገባም የለበትም። እኔም በጕብዝናዬ ወራት፣ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ለክረምት ዕረፍት መጥቼ ሳለሁ፣ እንዲህ ካለው ጉዞ ጋር ተገናኝቼ በታላቅ ኩራት ትከሻዬን ሰጠሁ። አርባ እርምጃ ያህል እንደ ሄድን ሕመምተኛው፣ ከዚያ በፊት ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል ያልተነፈሰው ሰው፣ ከጋቢው ሥር ቀና ብሎ «ይህን ተማሪ ቀይሩልኝ፤ ያለዚያ ወርጄ በእግሬ ልሂድ» ሲል በጠራ ድምፅ ተናገረ። ከእርሱ ወዲህ ብዙ ነገር ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን በራቤል አካባቢ ስሜ የሚነሣው በዚያው ነው።

ሳቁ ጋብ ሲል፣ ነገሩን ወደ ራሴ ክብር ለመመለስ ብዬ ሳይሆን እንደ ዋዛ፣ የግንቦት 17 ቀን 1978 ዓ.ም. ነገር አነሣሁ። ዑመር ኸሊፋ የሚባል ሱዳናዊ ሯጭ በሱዳን ከሚገኝ የስደተኞች ሰፈር ችቦ ለኩሶ፣ በአውሮፓ ዋና ዋና ከተሞች አድርጎ፣ ኒው ዮርክ ከተባበሩት መንግሥታት ደጃፍ ባደረሰበት በዚያ እሑድ፣ በ89 አገሮች ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ፣ አፍሪቃን ላስጨነቀው ረኃብ ገንዘብ ለማዋጣት በአንድ ቀን መሮጡን፣ ከዚያም 30 ሚሊዮን ዶላር ያለፈ ገንዘብ መሰብሰቡን አወሳሁ።

አጎቴ እሳቱን የሚቈሰቁሱበትን እንጨት አስቀመጡ።

«ይህ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት ነው?»

«በማግስቱ ነው፣ ጋሼ።»

በሰባ ሰባት እርሳቸው የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል ሁለት ቀን ተጉዘው፣ ጆንያውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ የራሳቸውንም የጎረቤታቸውንም ድርሻ ዳገቱን ያወጡ መሆናቸውን በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እርሳቸው ግን ስለዚያ ዓመት አይናገሩም። ያን ሌሊትም አልተናገሩም። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ ደርበው የለበሱትን በርኖስ አስተካክለው፣ «እንግዲያ ሰዎቹ እኛን ሳያውቁ ሮጠውልናል፤ እኛም ሳናውቅ ብድር ገብተናል ማለት ነው» አሉ። የእድር ዳኛ በመሆናቸው ብድር የተባለ ነገር መዝገብ ላይ ሳይሰፍር እንቅልፍ አይወስዳቸውምና፣ በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታውንና ሽማግሌዎቹን ከዋርካው ሥር ሰብስበው፣ ራቤልም ለበጎ ሥራ ትሮጥ ዘንድ ሐሳብ አቀረቡ።

በዓላማው ላይ ክርክር አልተነሣም፤ የእድሩ ቃሬዛ ጠፍሩ ላልቶ አጣናውም ነቅዞ ነበርና የሚሰበሰበው ሁሉ ለአዲስ ቃሬዛ እንዲውል በአንድ ቃል ተወሰነ። መመዝገቢያው ገንዘብ ቢሆን ድኻው ስለሚቀር አንድ ቁና ገብስ ይሁን ተባለ። ለአንደኛው የሚሰጠው የመንዝ ሙክት መሆኑም ያለ ችግር አለፈ፤ ሜዳልያ ለሁሉም ይሰጥ የሚለው የእኔ ሐሳብ ግን በጳውሎስ ምክንያት ወደቀ።

ችግሩ የተነሣው ቀን ለመቁረጥ ሲሞከር ነው። መሪጌታው ጣታቸውን ዘርግተው ቈጠሩ፤ በ1 ልደታ፣ በ3 በዓታ፣ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ14 አቡነ አረጋዊ፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 እመቤታችን፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ24 ተክለ ሃይማኖት፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ28 አማኑኤል፣ በ29 በዓለ ወልድ፤ እነዚህ ሲወጡ ከወሩ የቀረውን ግማሽ ረቡዕና ዓርብ ከሰባቱ አጽዋማት ጋር እየተጋገዙ በሉት፤ በጾም የሚሮጥ ሰው ውኃ መጠጣት አይችልምና። እሑድ እንዳይሆን ቅዳሴ አለ፤ ከቅዳሴም በኋላ ሰንበቴ አለ፤ የሰንበቴ ጠላ የቀመሰ ሰው ደግሞ እንኳን ሊሮጥ ቤቱን ካገኘ ተመስገን ነው። የገበያ ቀን አይነካም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ በበልግ የበልጉ ገብስ ይጠብቃል፤ ክረምቱ ሁለንተናው ጭቃ ነው። እንዲህ ዓመቱን ሁሉ በቅደም ተከተል ዘግተው ከጨረሱ በኋላ፣ መሪጌታው አንዲት ጣት ሳትታጠፍ እንደ ቀረች ተመለከቱ። እርሷም ጳጉሜን ስድስት ነበረች።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። የሸዋው ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በመንዲዳ አጠገብ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ፣ በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የፈጸመው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበረና፣ ወሩ ለሩጫ የተባረከ መሆኑን አስረዱ፤ በዚያውም የእኔን ጫማ፣ ዋጋው የሙክቱን ዋጋ የሚበልጠውን ጫማ፣ አንድ ጊዜ አየት አደረጉት። መሪጌታው የጳጉሜን ጾም የፈቃድ መሆኑን አክለው ፈረሙ።

ጳጉሜን ስድስት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትመጣ መሆኗን ያነሣ አልነበረም፤ እኔም በቃሬዛው ነገር አፌ ስለ ተያዘ ዝም አልሁ። የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ይውላል፤ ቀኑም ቅዳሜ፣ ቀዳሚት ሰንበት ነው፤ ይህን ለመሪጌታው የሚነግራቸው ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። መሮጥ የሚሻ አንባቢ ቢኖር አንድ ቁና ገብስ ይዞ፣ በርኖሱንም ደርቦ ይምጣ፤ ገብሱ ካልተበጠረ አጎቴ አይቀበሉም።