በእጅህ ነው?

በታብሌት የሚሥል ሰው ሥዕሉን ለዘመድ ባሳየ ቁጥር ቀድማ የምትመጣ ጥያቄ አለች፤ «በእጅህ ነው ወይስ ኮምፒዩተሩ ነው የሠራው?» የምትል። እኔ ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከጧት እስከ ማታ በኮምፒዩተር ስደምርና ስቀንስ «በእጅህ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ አለቃ የለም። ማታ ቤቴ ገብቼ አንዲት አህያ ስሥል ግን እጄ እንዳለበት ማስረጃ አምጣ እባላለሁ።

አከራዬማ ጭራሽ አያምኑኝም። አንድ ምሽት ለቡና ሊጠሩኝ መጥተው በፕላስቲክ ብዕር መስታወት ስፍቅ አገኙኝ። ትንሽ ቆመው ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ቀለሙ የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«እዚሁ ውስጥ ነው።»

«ሲያልቅስ?»

«አያልቅም።»

የማያልቅ ነገር በዚህ ግቢ ታይቶ ስለማይታወቅ ፊታቸው ጠቆረ። ባትሪው ግን ያልቃል፣ በየማታው ሶኬት ላይ እሰካዋለሁ ስላቸው ነው ፈታ ያሉት። ከዚያ ወዲህ የመብራት ሒሳብ ሲመጣ በድርሻዬ ላይ ጥቂት ብር ጣል ያደርጉና «የቀለሙ ነው» ይሉኛል።

ምን ትሥላለህ ለሚለኝ፣ ሰልፍ ነው የምወደው። የታክሲ ሰልፍ፣ የዳቦ ሰልፍ፣ የመታወቂያ ሰልፍ። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ፊቱን አይደብቅም፤ የሰለቸው ያዛጋል፣ ተራ ሊሰርቅ ያሰበውን አንገቱ ያሳብቅበታል። ከሰልፍ ቀጥሎ ጀግና መሣል እወዳለሁ። «ጀምበር» የተባለው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በ2018 እ.ኤ.አ. በአማርኛም በእንግሊዝኛም በኮሚክ መጽሐፍ ሲወጣ እኔስ ከማን አንሼ ብዬ የራሴን ጀመርኩ። የእኔ ጀግና አይበርም፤ ዓለምን ሊያድን የሚሄደው በሚኒባስ ነው። ሰልፉን ለመጨረስ ስለምሳሳ ገና ተራው አልደረሰም፤ ዓለምም እየጠበቀች ነው።

የምሠራበት ፕሮግራም ክሪታ ይባላል፤ ጥቅሙ ነፃ መሆኑ ነው። ሌሎቹ በዶላር ክፈል ይላሉ፤ የእኔ የባንክ ካርድ ደግሞ ከሜክሲኮ አደባባይ አልፎ አያውቅም። ትምህርቱንም ያገኘሁት ከቪዲዮ ነው። ሴኡል ያለ ሰው የኮሚክ አሣሣል አስተማረኝ፣ ብራዚል ያለች ልጅ ጥላ አሣሣል አስተማረችኝ። በየቀኑ በታክሲ በማልፍበት በስድስት ኪሎ መንገድ ግን የሥዕል ትምህርት ቤት እንዳለ የማውቀው ወያላው «አርት ስኩል ወራጅ አለ?» ሲል ብቻ ነበር። ያን ትምህርት ቤት ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት ነው፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

ከሠዓሊዎች ጋር ያገናኘኝ ጥበብ ሳይሆን ወይን ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የሥዕል ዐውደ ርእይ ይከፈታል፣ መጠጡ በነፃ ነው» አለኝና ሄድን። መክፈቻ ላይ ሰው ሥዕል አያይም። ጀርባውን ለሥዕሉ፣ ፊቱን ለትሪው ሰጥቶ ይቆማል፤ ንግግር አድራጊው ጥበብ ለአገር ግንባታ ያላትን ፋይዳ እስኪጨርስ ብርጭቆ ይሞቃል። ግድግዳውን የሚያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሠዓሊው ራሱ ነው፣ ያልተሸጠውን እየቆጠረ፤ ሌላው ጥበቃው ነው። በእኔ ግምት በዚህ ከተማ ከጥበቃ የበለጠ የሥዕል ሐያሲ የለም። «ያቺን ቀይዋን ሰው ሁሉ ይቆምላታል፣ ማንም አይገዛትም» አለኝ፤ «ሰው ቤቱ የሚወስደው የማትናገረዋን ነው።» እንዲህ ያለ ሒስ ካታሎጉ ላይ አላነበብኩም።

እውነተኛው ዐውደ ርእይ በር ላይ ነበር። ጥፍራቸው ሥር ቀለም የገባ ወጣቶች ለመውጣትም ለመግባትም ሳይወስኑ ቆመው ይከራከራሉ። ጆሮዬን ጣል አድርጌ ሳለሁ አንዷ ታብሌቴን አየችና «አንተም ትሥላለህ?» አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ቡና ቤት እየተሰበሰቡ እንደሚሥሉ ነገረችኝ። እንዲህ ሆኖ ነው ነገሩ የተጀመረው።

የቅዳሜው ጉባኤ አባት ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው የዘይት ቀለም ሠዓሊ ናቸው። ታብሌቴን በሁለት ጣታቸው አንስተው ገለበጧት፤ ጀርባዋን አዩ፣ አሸተቷትም። ከዚያ ያቺኑ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«በእጅህ ነው?»

እኔም የተዘጋጀሁበትን ማስረጃ አቀረብኩ። «ጋሼ፣ አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው። ከበስተኋላው ብርሃን ካልመጣ አይታይም። የእኔም መስታወት ነው፤ ከኋላው ብርሃን ካልመጣ አይታይም። ምን ለየን?»

«አፈወርቅ የሠራው በፀሐይ ነው። ፀሐይ መጥፋት አታውቅም።»

«ማታ ማታ ትጠፋ የለም እንዴ?»

«እሷ በፕሮግራም ነው የምትጠፋው» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ይግባኝ ጠየቅሁ። ከዚያው ከአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት የወጣው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ በተለቀሙ የኮምፒዩተር ሰርኪቶች፣ ሽቦዎችና የኪቦርድ ቁልፎች የሚሠራቸውን ሥዕሎች ጠቀስኩ። ከዐውደ ርእይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ በጭቃና በጭድ ያነፁትን የዞማ ሙዚየምንም ጨመርኩ። ኮምፒዩተር ሥዕል ቤት ከገባ ቆየ አልኳቸው።

«እሱማ ልክ ነህ» አሉ ጋሼ፤ «ግን የኤልያስ ኮምፒዩተር ሞቶ ነው ለሥዕል የበቃው። ያንተም ሲሞት አምጣትና እንነጋገራለን።»

ተሸንፌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በዚያን ሰሞን አከራዬን ቡና ሲያፈሉ እየሣልኩ ነበር፤ ጀበናውን አዘንብለው፣ እጣኑ እየጨሰ፣ ከጎን። ያቺ መጀመሪያ የጋበዘችኝ ልጅ አንገቷን አስግጋ አየችና ደነገጠች።

«ምን አድርገውህ ነው በአንድ ዓይን የሣልካቸው? ኪራይ ጨመሩብህ?»

ነገሩ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ሕግ መሆኑን ያን ዕለት አስረዱኝ። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ሰይጣንና የሰይጣን ወገን ከጎን፣ በአንድ ዓይን። በዓድዋ ሥዕሎችም ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ይወርዳል፣ የኛ ጦር ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ይተኩሳል፣ ጣልያን ግን ባለ አንድ ዓይን ነው። ከዚያ የባሰው፣ እነዚያን ሥዕሎች ከልጅነቴ ጀምሮ በየቤቱ ግድግዳ ሳያቸው ኖሬያለሁ። ልጅቷ ቀጠለችልኝ፤ በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆች በቆዳ ላይ የሚሸጠው የንግሥተ ሳባ ታሪክ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሣጥኖች ተከፋፍሎ፣ ጽሑፉ ከሥሩ ተጽፎበት የሚነበበው፣ ኮሚክ ካልሆነ ምንድን ነው? ጥቁር ጠርዝ፣ ጥላ የሌለው ደማቅ ቀለም፣ ትልልቅ ዓይን፤ እኔ ከሴኡል የተማርኩት ሁሉ ቆዳው ላይ አለ። የሴኡሉን መምህሬን ብወደውም ሩቅ መንገድ አስኬዶኛል።

አከራዬ ሥዕሉን ያዩት ይህን ዕውቀት ይዤ ሳላስተካክለው ነው።

«ሁለተኛው ዓይኔስ?»

«ሌላኛው ሌየር ላይ ነው» አልኩ። ሌየር ማለት ሥዕሉን በንብርብር እያስቀመጡ፣ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን የሚያስተካክሉበት ዘዴ ነው፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ መሸሸጊያዬ ሆነ።

«እንግዲያው አውጣልኝ። እንግዳ ሊያየው ይችላል።»

አወጣሁላቸው። ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን፣ እንደ ጻድቅ ሣልኳቸው፤ የዚያ ወር ኪራይ ስለተራዘመልኝም ሕሊናዬ አልወቀሰኝም።

ጉባኤው የየራሱን ሥራ የቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ ይስቀል ሲባል እኔም የአከራዬን ሥዕል ላሳትም ሄድኩ። እዚህ ላይ የስክሪን ሠዓሊ ሁሉ አንድ ቀን የሚቀምሰው መራራ ነገር አለ። ስክሪን የሚያሳየን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደባለቀ ነው፤ ማተሚያው ግን በቀለም ነው የሚሠራው፣ በስክሪን የሚያበራ አረንጓዴም በቀለም አይገኝም። ከስኒው ሥር ለምለም አድርጌ የጎዘጎዝኩት ቄጠማ ድርቆሽ ሆኖ ወጣ። አታሚው «እኛ ጋ የመጣው እንደዚህ ነው» አለኝ፤ አከራዬ ደግሞ «ከመቼ ወዲህ ነው እኔ ድርቆሽ ጎዝጉዤ ቡና ያፈላሁት?» አሉ።

ጋሼ የደስታቸው ብዛት። የደረቀውን ቄጠማ በጣታቸው እየጠቆሙ «ና ተከተለኝ» አሉና ወደ ገብረክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ወሰዱኝ። የሠዓሊውን የገብረክርስቶስን ሥራዎች በስልኬ አውራ ጣት አክለው ነበር የማውቃቸው፤ አንዱን እንኳ ቆሜለት አላውቅም። እዚያ ማጉያው እግር ነው፤ ትጠጋለህ። ስትጠጋ ቀለሙ ይወፍራል፣ ብሩሹ የሄደበት ይታያል፣ ሠዓሊው ሐሳቡን የቀየረበት ቦታ ሳይቀር። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው እየሄዱ እኔን እንጂ ሥዕሉን አያዩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሰው እስኪበተን ጠብቀው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ «እስቲ ያቺን ነገር አምጣት» አሉኝ። አንድ ፈረስ ሣሉባት። እግሩ አላማራቸውም፤ የመመለሻዋን ምልክት አሳየኋቸው። ሲጫኗት እግሩ ጠፋ። ዓይናቸው በራ። ሆዱን አጠፉ፣ አንገቱን አጠፉ፣ ጋማውን አጠፉ፤ መልሰው ሣሉ፣ መልሰው አጠፉ። ቡና ቤቱ ወንበር ማንሳት ሲጀምር ገጹ ነጭ ነበር።

«ይህቺ በእኛ ጊዜ ብትኖር ኖሮ» አሉ ኮታቸውን እየደረቡ፣ «እኔ እስካሁን አንድ ፈረስ አልጨርስም ነበር። ዋጋዋ ስንት ነው?»