የረባሾች ስም ዝርዝር

መምህሩ «መጣሁ» ብለው ከክፍል ሲወጡ ሥልጣን ለአለቃው ይተላለፋል። አለቃው የ3ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የተሾመውም ቁመቱ ታይቶ ነው። ጠመኔውን አንሥቶ ሰሌዳው ላይ «ረባሾች» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ ያሰምራል። እስካሁን ማንም ትንፍሽ አላለም። ርእስ ከተጻፈ ግን ስም አይጠፋም።

ያስነጠሰ ይጻፋል። «ምን አደረግኩ?» ያለ ስሙ አጠገብ ኤክስ ይጨመርለታል፤ ይግባኝ ራሱ ረብሻ ነዋ! ብስኩት ያቀበለ በዳስተር ይሰረዛል፤ ደረሰኝ የለም። (የአለቃው ጓደኛ ለነገሩ መጀመሪያውኑ አይጻፍም።) ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው «ዝም በሉ!» የሚለው ራሱ አለቃው ነው፤ የእሱን ስም የሚጽፍ ጠመኔ ግን አልተሠራም።

መምህሩ ተመልሰው ዝርዝሩን ያነባሉ፤ ምስክር አይጠሩም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት አካል ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ አውጥቷል፤ ስለ መጥረጊያ ግን ያለው ነገር የለም። ስለዚህ ረባሾቹ ክፍሉን ይጠርጋሉ። ሁሉም ጨዋ የሆነ ቀን አቧራው የማን ሊሆን ነው?

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አለቃ ሆኖ ከተመረጠ ደብተሩን ተዉትና ኪሱን ፈትሹ። የብስኩት ፍርፋሪ አይጠፋም።