ላይ ተቆፍሮ ታች የፈለቀ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ደንቆሮ ጫካ አጠገብ የሚኖሩ አራዊት ቅሬ የሚሉት የመረዳጃ ማኅበር ነበራቸው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ዶፍ ይወርዳል፤ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ አባይ ይገባል። መጋቢት ሲጠባ ምንጩ ይነጥፋል።

«ዝናብ አነሰን፤ ምህላ እንያዝ» አሉ ከግርጌ የሚኖሩት እመት ሽኮኮ።

«ዝናቡስ አላነሰም» አለ ጃርት። «20 ሚሊ ሜትር የጣለ ለት፣ በየአንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውኃ ወርዷል። የት አደረሳችሁት?»

ያን ጊዜ ሁሉም በየደጁ ኩሬ ቆፈረ። የአንዱን መሬት ጠጣው፤ የሌላውን የጥር ፀሐይ ላሰው፤ የአያ ጅቦን ደለል ሞላው። ሰዎችም በ1990ዎቹ አጋማሽ በዘመቻ በየጓሮው ከቆፈሯቸው ኩሬዎች ብዙዎቹ እንዲሁ ባዶ ቀርተዋል።

ጃርት እንደገና ተናገረ፦ «ውኃውን ከአናቱ እንያዘው። ተዳፋቱን አግድም እርከን እንሥራለት፤ ቦይ እንቆፍር፤ ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር እንዝጋው። ሩጫው ሲበርድ ይሰርጋል፤ የሰረገው ግርጌ ላይ ይፈልቃል።»

ጭላዳ ከገደሉ አፋፍ ተነሣ። «ላይ የምኖረው እኔ ነኝ። ሣሬ የሚበቅልበት ተዳፋት ይቆፈራል፤ ይከለላል፤ ውኃው የሚፈልቀው እመት ሽኮኮ ደጅ። እኔ ምን ልብላ?»

ስግብግብነት አልነበረም። ብዙ የተፋሰስ ሥራ የሚሰናከለው እዚችው ላይ ነው፤ ድካሙ ላይ፣ ውኃው ታች። መልስ ሳይሰጡት በግድ ቢያስቆፍሩት ኖሮ፣ ክረምት ሳይወጣ እርከኑን ራሱ ባፈረሰው።

ቅሬው መክሮ ተስማማ። የግርጌዎቹ ሽቅብ ወጥተው ሊቆፍሩ፤ ከተከለለው ተዳፋት ሣሩ እየታጨደ የመጀመሪያው ሸክም ለጭላዳ ሊሰጥ፤ በሥራ ቀን የቀረ ሊቀጣ። አያ ጅቦ «የምንጩን ጥበቃ ለእኔ ተዉልኝ» ቢል፣ «ጥበቃውም በተራ ነው» ተባለ።

በመጀመሪያው ዓመት ምንም አልታየም፤ ብዙዎች አጉረመረሙ። በሁለተኛው መጋቢት ግን ከእመት ሽኮኮ ደጅ፣ ከቋጥኙ ሥር አፈሩ ጠቆረ። ቀጥሎ ረጠበ። ከዚያ ከጣት የቀጠነ ውኃ ድንጋዩን እየላሰ ወረደ። ጭላዳን ጠርተው አስቀድመው አጠጡት።

በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ የላይኛው ቦይ በደለል ሞልቶ ነበርና ቅሬው ለጠረጋ ወጣ። እመት ሽኮኮ ልጆቻቸውን አስከትለው ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። አያ ጅቦ ቀረ። ቅሬው የሁለት ቀን ቁፋሮ ቀጣው፤ ቆፍሮ ከፈለ።